የዙር ሰዓቴ አልወርድ ያለው በሞተሩ ነው ወይስ በእኔ? ከትራክ ቅጂ ንባብ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ2016 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ሜዳ ዋና ትራክ ላይ እነዳለሁ። ምርጡ ዙሬ 1 ደቂቃ ከ33.4 ሰከንድ ነው። ተመሳሳይ መኪናና ተመሳሳይ ጎማ ያለው ጓደኛዬ ግን በ1 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ይዞራል። ሁለታችንም በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ የጂፒኤስ መቀበያ ከስልካችን ጋር አገናኝተን ዙሮቻችንን ቀድተናል። ቅጂዎቹን ሳነጻጽር ትልቁ ኪሳራ የሚታየኝ በዋናው ቀጥታ መንገድ ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ እርሱ በሰዓት 178፣ እኔ 174 ኪሎ ሜትር እንደርሳለን። ይህን ለማካካስ ኩርባ 1 ላይ ፍሬን የምይዝበትን ቦታ 15 ሜትር ያህል አዘገየሁት፤ ሁለት ጊዜ ሣር ውስጥ ገባሁ እንጂ ሰዓቴ አልወረደም። ሞተሬ ደክሞ ይሆን? ወይስ የተሻለ መሣሪያ ልግዛ?»

ሁለቱንም ቅጂዎች ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ ማይሎቹንም ለአንባቢ እንዲመች ወደ ኪሎ ሜትር መልሻቸዋለሁ። ከመደምደሚያው ልነሣና፣ ሞተርዎ አልደከመም፤ መሣሪያዎም ለጊዜው ይበቃዎታል። ኩርባ 1 ላይ ፍሬን ማዘግየትዎ ግን ለሌላ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት ነው። ውጋቱ ጉልበት ላይ ተሰምቶ ሕመሙ ከወገብ እንደሚነሣ ሁሉ፣ በቀጥታው መንገድ ላይ የሚያዩት ኪሳራ የተወለደው መንገዱ ከመቅናቱ በፊት፣ በኩርባ 10 ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ከራስዎ ቁጥሮች እንዴት እንዳነበብኩትና እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ ያለ እኔ እንዴት ሊያነቡት እንደሚችሉ ለማሳየት ነው።

የሞተሩን ጉዳይ አስቀድመን እንዝጋው፤ ይህ ጥርጣሬ ካልተዘጋ ሌላውን ሁሉ በሙሉ ልብ ማንበብ አይቻልም። ከኩርባ 10 ወጥተው መሪው ቀጥ በሚልበት ቦታ የእርስዎ ፍጥነት 120፣ የጓደኛዎ ደግሞ 126 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ፍሬን እስከሚያዝበት ቦታ ድረስ 700 ሜትር ገደማ አለ። መጀመሪያ ላይ የነበረው የ6 ኪሎ ሜትር ልዩነት መጨረሻው ላይ 4 ሆኗል ማለት ነው። ሞተርዎ ደካማ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይመጣ ነበር፤ በቅጂዎ ላይ ግን ጠብቧል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት መኪኖች አንዱ በ120 ሌላው በ126 ተነሥተው በእኩል ርቀት እኩል ቢገፉ፣ በሁለቱም ላይ እኩል የሚያድገው የፍጥነታቸው ካሬ እንጂ ፍጥነታቸው ስላልሆነ፣ ቀርፋፋው 174 ሲደርስ ፈጣኑ 178 አካባቢ ይገኛል። የእናንተ ቅጂዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ሌላ ማረጋገጫ ከፈለጉ፣ በአንድ ዓይነት ማርሽ ከ140 ወደ 160 ለመድረስ ሁለታችሁንም የወሰደባችሁን ጊዜ ይለኩ፤ እኔ ስለካው ልዩነቱ መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው በታች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ሻማ ቀይሮ፣ የአየር ማጣሪያ ገዝቶና ማርሚታ አስለውጦ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ወደ ቅጂው ሲመለስ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንሂድ። በ120 የተነሣ መኪና ያን 700 ሜትር ለመጨረስ 17.1 ሰከንድ ያህል ሲፈልግ፣ በ126 የተነሣው 16.6 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ነው። ፍሬኑን ማዘግየት ደግሞ ምን ያህል ሊያተርፍ እንደሚችል እናስላ። ከ174 ወደ 85 ኪሎ ሜትር ለመውረድ በ0.85 ጂ ፍሬን ቢይዙ 107 ሜትር ይወስድብዎታል። ጂ ስል የመሬትን ስበት እንደ አንድ ቆጥሬ የሚለካውን ኃይል ማለቴ ነው። ፍሬን የሚይዙበትን ቦታ 15 ሜትር አዘግይተው በዚያው ፍጥነት ወደ ኩርባው ለመግባት ወደ 0.99 ጂ ከፍ ማለት አለብዎት፤ ጎማው ይህን ቢፈቅድልዎት እንኳ የሚያገኙት ትርፍ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ካልፈቀደልዎት ውጤቱ እርስዎ ሁለት ጊዜ ያዩት ሣር ነው። ግማሽ ሰከንድ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ለአንድ አሥረኛ ሲሉ መኪናዎን ለአደጋ አጋልጠዋል ማለት ነው።

ይህ ስሕተት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከመሣሪያው አቀራረብም የመጣ ነው። አብዛኞቹ የዙር ማነጻጸሪያ ፕሮግራሞች ከፍጥነቱ መስመር በታች የጊዜ ልዩነት መስመር ይስላሉ፤ በየሜትሩ ከማነጻጸሪያው ዙር ምን ያህል እንደቀደሙ ወይም እንደዘገዩ የሚነግር ነው። መስመሩ ሐሰት አይናገርም፤ ነገር ግን የሚናገረው ጊዜው የጠፋበትን ቦታ እንጂ የጠፋበትን ምክንያት አይደለም። በኩርባ ውስጥ የተበደሩትን ፍጥነት ቀጥታው መንገድ ሜትር በሜትር ያስከፍልዎታል፤ ስለዚህ ረጅሙ ቁልቁለት የሚሳለው ምንም ስሕተት በማይሠሩበት፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠው በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ይሆናል። መስመሩ ሲያዘቅዝቅ ባዩ ጊዜ ጣትዎን ቁልቁለቱ ከጀመረበት ቦታ ላይ ያሳርፉና ከዚያ ወደ ኋላ 200 ሜትር ያህል ይመለሱ፤ መመርመር ያለብዎት ያን ክፍል ነው።

በእርስዎ ቅጂ ላይ ወደ ኋላ ስንመለስ የምናገኘው ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ወደ ኩርባ 10 ሲገቡ፣ መሪውን መዞር በሚጀምሩበት ቦታ፣ እርስዎ 122 ጓደኛዎ 119 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበራችሁ። ፈጣኑ እርስዎ ነዎት! ስልክዎም በዚያች ቅጽበት መስመሩን አረንጓዴ ቀብቶ አሞግሶዎታል። ከዚያ በኋላ ግን የእርስዎ ፍጥነት እስከ 106 ሲወርድ የእርሱ 109 ላይ ቆሟል፤ የእርስዎ ዝቅተኛ ፍጥነት የተመዘገበውም ከእርሱ 18 ሜትር ያህል ዘግይቶ ነው። የፍጥነቱን መስመር እንደ ሸለቆ ካዩት፣ የጓደኛዎ ሸለቆ ጠበብ ብሎ ወዲያው ይወጣል፤ የእርስዎ ግን እንደ ሰታቴ ሥሩ ሰፍቶ ይቆያል። የሰፋው ሥር ምን እንደሆነ ለማወቅ የፊትና የኋላውን ኃይል የሚያሳየውን መስመር ከሥሩ ይደርቡበት፤ ፍሬን ሲያዝ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከዜሮ በላይ ይወጣል። የእርስዎ መስመር ዜሮን ታክኮ 1.1 ሰከንድ ያህል ይንሳፈፋል፤ የጓደኛዎ ከ0.3 ሰከንድ አይበልጥም። በ106 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 1.1 ሰከንድ ማለት 32 ሜትር ነው። በእነዚያ 32 ሜትሮች ውስጥ ፍሬንም አልያዙም፣ ነዳጅም አልሰጡም፤ እየጠበቁ ነበር።

ምን እየጠበቁ ነበር? እንደማስበው መኪናዋ እስክትረጋ ድረስ ነው። ከሚገባው በላይ ፈጥነው ገቡ፤ ይህን ሰውነትዎ ከአእምሮዎ ቀድሞ አወቀና እግርዎን ከነዳጁ ላይ ጨርሶ አነሣው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ሲንጋለል ኋላዋ ቀለለ፤ እርስዎም የኋላው ቅለት ተሰምቶዎት እስኪመለስ ታገሡ። ይህ ሁሉ በጎን ኃይሉ መስመር ላይ ይነበባል፦ ወደ ውስጥ ሲገቡ ወደ ላይ ተነሥቶ የነበረው መስመር እግርዎን ባነሡበት ቅጽበት ጎድጎድ ይላል፣ ከዚያም ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ይሠራል። እነዚያ ጥርሶች መሪውን ያረሙባቸው ቅጽበቶች ናቸው። የመሪ ሴንሰር የለኝም ብለው አይዘኑ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ የጎን ኃይሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ የጎማውን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። አንድ ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ እንደ አንድ እንጀራ ይቁጠሩት። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ነዳጁም የሚቆርሱት ከዚያው እንጀራ ነው። ፍሬኑ ሙሉውን ከበላው ለመሪው የሚተርፍ የለም፤ ሲታጠፉ ሙሉውን ከተጠቀሙ ነዳጅ ለመስጠት ቦታ የለም። የጎበዝ ነጂ ጥበብ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቀ ያንኑ ያህል መሪውን መጨመር፣ በመውጫው ላይ ደግሞ መሪውን ባላላ መጠን ነዳጁን መስጠት ነው፤ እንጀራው ሳይራገፍም ሳይተርፍም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ይህን በቁጥር ለማየት የጎኑንና የፊት ኋላውን ኃይል እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ካሬ ሥር ይውሰዱ፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን አንድ ጊዜ ካዘጋጁላቸው በኋላ ራሳቸው ይስሉታል። ኩርባ 10 መካከል ላይ ጓደኛዎ 0.95 ጂ ገደማ ይዞ ሲያልፍ፣ እርስዎ በጠበቁበት ክፍል ውስጥ ከ0.88 አላለፉም፤ እግርዎን ባነሡበት ጉድጓድ ላይማ ከዚያም በታች ወርደዋል። ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ቀሪው ሳይቆረስ የተረፈ እንጀራ ነው።

«ምናልባት የምሄድበት መስመር የተለየ ይሆናል» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በካርታው ሥዕል ሳይሆን በስሌት እንመልሰው። በኩርባ ውስጥ የሚሄዱበት ክብ ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ራዲየሱ፣ የፍጥነትዎ ካሬ በጎን ኃይሉ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የእርስዎን 106 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሰከንድ ስንመልሰው 29.4 ይሆናል፤ 0.88 ጂ ደግሞ 8.6 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ራዲየሱ 100 ሜትር ገደማ ይወጣል። የጓደኛዎን 109 እና 0.95 በዚሁ መንገድ ብናሰላው 98 ሜትር ያህል እናገኛለን። ሁለታችሁም በኩርባው መካከል በተግባር አንድ መንገድ ነው የምትሄዱት። ልዩነቱ የመስመር ሳይሆን የአገባብና የእምነት ነው፤ እርሱ ዝግ ብሎ ገብቶ መኪናዋን አመናት፣ እርስዎ ፈጥነው ገብተው ተጠራጠሯት።

በካርታው ሥዕል ሳይሆን ያልኩት በምክንያት ነው። የጂፒኤስ መቀበያ ቦታን ሲነግርዎ የአንድ ሁለት ሜትር ስሕተት ዘወትር አለበት፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት የሳተላይቶቹ አቀማመጥ ሲለወጥ ሥዕሉም ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ሁለት ዙሮችን በካርታ ላይ ደርቦ «እዚህ ጋ የውስጠኛውን ጠርዝ አልነካሁም» ብሎ መፍረድ ብዙ ጊዜ የመሣሪያውን ስሕተት የራስ ስሕተት አድርጎ መቁጠር ነው። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መቀበያው ፍጥነትን የሚያሰላው በዋናነት ከሳተላይቱ በሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ ላይ ከሚታየው ለውጥ ስለሆነ፣ ከቦታው ይልቅ እጅግ የታመነ ነው። መስመርዎን ማየት ከፈለጉ ቪዲዮ ይቅዱ፤ ጊዜዎን ማወቅ ከፈለጉ የፍጥነቱን መስመር ያንብቡ።

መሣሪያ ልግዛ ወይ ላሉትም መልሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናዎ በሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቦታ የሚመዘግብ ስልክ በየ50 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይሰጥዎታል፤ በዚያ ፍሬን የተያዘበትን ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግበው የእርስዎ መቀበያ በየ5 ሜትሩ፣ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚመዘግብ ደግሞ በየ2 ሜትሩ ይሰጣል። ከአንድ ወደ 10 መሻገሩ ዓይን እንደማብራት ነው፤ ከ10 ወደ 25 መሻገሩ ግን የፍሬን አለቃቀቅን በጥልቀት ለማጥናት ለደረሰ ሰው እንጂ በአንድ ኩርባ 1 ሰከንድ ለሚጠብቅ ሰው የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። እንደ ኤይም ሶሎ ያሉት ለብቻቸው የሚሠሩ መቅጃዎች፣ ወይም በ2020 የወጣውና በድምፅ እየመከረ የሚያስነዳው ጋርሚን ካታሊስት፣ መልካም መሣሪያዎች ናቸው፤ እኔም ተማሪዎች ይዘዋቸው ሲመጡ ደስ ይለኛል። ሬስክሮኖ የተባለው የስልክ ፕሮግራም ከደህና መቀበያ ጋር ግን ለአሁኑ ጥያቄዎ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሰጣል። ገንዘቡን ለጎማና ለትራክ ቀን መግቢያ ያውሉት። መቀበያውን ብቻ ሰማይ በደንብ በሚያይበት ቦታ አጥብቀው ይሰሩት፤ ከመቀመጫ ሥር ወይም ከጓንት መክተቻ ውስጥ አይጣሉት።

ወጪ ሳያወጡ የሚጨምሩት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ከመኪናዋ ኮምፒውተር የሚገኘው መረጃ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለሕዝብ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ የተባለው የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ መሰኪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ደግሞ መሰኪያው ካን በተባለው የመኪና ውስጥ ኮምፒውተሮች መረጃ በሚለዋወጡበት መስመር እንዲነጋገር ተደንግጓል። የእርስዎ መኪና ሁለቱንም ስላላት፣ በርካሽ ማገናኛ የነዳጅ ፔዳሉን መጠንና የሞተሩን ዙር ከፍጥነቱ ጎን ማስቀመጥ ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ይህ መረጃ በጥያቄና መልስ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከጠየቁ እያንዳንዱ ይዘገያል፣ ከጂፒኤሱም ጋር የአንድ አሥረኛ ወይም የሁለት አሥረኛ ሰከንድ መዛነፍ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፣ የነዳጅ ፔዳሉንና የሞተሩን ዙር። ፍጥነቱን ከጂፒኤሱ ይውሰዱ።

ስለ ሁለቱ ዙሮች ንጽጽር አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኛል። ኤምኤክስ-5 ቀላል መኪና ናት፤ የ2016ቷ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። አጠገብዎ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሠልጣኝ ተቀምጦ ከነበረ ከመኪናዋ ክብደት 7 በመቶ ያህል ጨምረዋል ማለት ነው፤ ሙሉ ታንክ ቤንዚንም ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የእርስዎ ዙር ከአሠልጣኝ ጋር፣ የጓደኛዎ ለብቻው የተነዳ ከሆነ ይንገሩኝ። የቀጥታው መንገድ ልዩነት እየጠበበ መሄዱን ስላየሁ ክብደቱ ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ሆኖም በ0.95 እና በ0.88 መካከል ያለው ልዩነት ላይ ትንሽ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የጎማ አየር ግፊትም እንዲሁ፤ ሲሞቅ የለካችሁትን ሁለታችሁም ጻፉት። አንድ ምርጥ ዙር ከአንድ ምርጥ ዙር ጋር ብቻ ማነጻጸርም አይበቃም። ከእያንዳንዳችሁ ሦስት ንጹሕ ዙር ይውሰዱ። የእርስዎ ሦስቱም ዙሮች በኩርባ 10 ያንኑ ሰፊ ሸለቆ ካሳዩ ልማድ ነው፤ አንዱ ብቻ ካሳየ አጋጣሚ ነው። እኔ በላኩልኝ ቅጂዎች ውስጥ ቆጥሬ አራት ዙር ላይ አይቼዋለሁ።

ፕሮግራሙ «ሊደረስበት የሚችል ምርጥ ዙር» ብሎ የሚሰጥዎትን 1 ደቂቃ ከ32.1 ሰከንድ ለጊዜው ይርሱት። ያ ቁጥር ከተለያዩ ዙሮች ምርጥ ምርጡን ክፍል ቆርጦ የሰፋው ነው። ኩርባ 10 ውስጥ ፈጥነው የገቡበትን ዙር የመግቢያ ክፍል ከአንዱ፣ ቀስ ብለው ገብተው ቀድመው ነዳጅ የረገጡበትን የመውጫ ክፍል ከሌላው ወስዶ ይደምራል። ሁለቱ ግን በአንድ ዙር ውስጥ አብረው አይኖሩም፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት ግድ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በሚቀጥለው የትራክ ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለኩርባ 10 ብቻ ይስጡት። የዙር ሰዓቱንም፣ በቀይና አረንጓዴ የሚለዋወጠውንም የልዩነት ማሳያ ከዓይንዎ ያርቁ፤ ያ ማሳያ በመግቢያው ላይ የሚያሞግስዎት ለስሕተትዎ መሆኑን አይተናል። ከበፊቱ 10 ሜትር ያህል ቀደም ብለው ፍጥነትዎን ይቀንሱና መሪውን መዞር ሲጀምሩ 118 ወይም 119 ላይ ይሁኑ። ቀስ ብለው የገቡ መስሎ ይሰማዎታል፤ ይሰማዎት። ግብዎ የመግቢያው ፍጥነት ሳይሆን እግርዎ ወደ ነዳጁ የሚመለስበት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ፣ መኪናዋን ለመደገፍ ያህል፣ ከዚያ መሪው እየላላ ሲሄድ እየጨመሩ። ነዳጁን ከሰጡ በኋላ መልሰው እግርዎን ማንሣት ካስፈለገዎት ቀድመው ሰጥተዋል ማለት ነው፤ በቅጂው ላይም የፊት ኋላው መስመር ከዜሮ በላይ ወጥቶ እንደገና ሲሰበር ያዩታል። ኩርባው ፈጣን ስለሆነ በአንድ ዙር ከ1 ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አይጨምሩ፤ መውጫው ላይ ጠርዙን አልፎ መሄድ ከኩርባ 1 ሣር የከፋ ነገር ሊያስከትል ይችላል።

ከክፍለ ጊዜው ሲመለሱ ሁለት ቁጥር ብቻ ይመልከቱ። የመጀመሪያው የፊት ኋላው መስመር ዜሮ ላይ የተንሳፈፈበት ጊዜ ነው፤ ከ1.1 ወደ 0.7 ሰከንድ ከወረደ ትልቅ ነገር ነው፣ 0.3 በአንድ ቀን አይጠበቅም። ሁለተኛው ደግሞ በየዙሩ በማይለወጥ አንድ ምልክት ላይ፣ ለምሳሌ የዙር መጀመሪያው መስመር ላይ፣ ያለዎት ፍጥነት ነው። መውጫው ከተሻለ ይህ ቁጥር ሳያመነታ ይነግርዎታል። የዙር ሰዓትዎ በዚያ ቀን ባይወርድ እንኳ አይደንግጡ፤ ሐሳብዎን አንድ ኩርባ ላይ ስላደረጉ ሌሎቹ ላይ ትንሽ ያጣሉ።

ኩርባ 1 ላይ ፍሬን የሚይዙበትን ቦታ ወደ ድሮው ይመልሱት። ኩርባ 10 ከተስተካከለ ወደ ኩርባ 1 የሚደርሱት ከበፊቱ 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ፈጥነው ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከድሮውም 5 ሜትር ያህል ቀድመው ይያዙ። በቅጂዎ ላይ ፍሬንዎ እንደ ኮረብታ ቀስ ብሎ ወጥቶ መጨረሻው ላይ እንደ ገደል ይወርዳል፤ መሆን ያለበት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፣ ፈጥኖ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ። ያቺ የአንድ አሥረኛ ሰከንድ ትርፍ ያለችው በዚያ አለቃቀቅ ውስጥ እንጂ በ15 ሜትሩ ውስጥ አይደለም።

በእኔ ግምት ከ2.4 ሰከንዱ ልዩነት ውስጥ 0.8 ያህሉ ከኩርባ 10ና ከዚያ ከሚከተለው ቀጥታ መንገድ የመጣ ነው። ቀሪው በትራኩ ጀርባ ባሉት ኩርባዎች ላይ በትንሽ በትንሹ የተበተነ ሲሆን፣ በየቦታው የማየው ያንኑ ልማድ ነው፣ ፈጥኖ ገብቶ መጠበቅ። ካሩሰል በሚባለው ረጅም ኩርባ ላይ ግን ጉዳዩ ትንሽ ይለያል፤ እዚያ መጠበቁ በከፊል የኩርባው ርዝመት የሚያስገድደው ነው፣ ጓደኛዎም ይጠብቃል። ከሚቀጥለው የትራክ ቀን በኋላ ሦስት ዙር ከነነዳጅ ፔዳሉ መስመር ይላኩልኝ፤ የጎማውን ግፊትና አጠገብዎ ሰው ተቀምጦ እንደሆነም ይጻፉ። ካሩሰልን ያን ጊዜ እናየዋለን።